ሰባተኛው ድፍድፍ

ደግሞስ ማን አየ፣ ማንም አላየም፣ መፍጫው እንደሆነ አፉ ለመብላት እንጂ ለወሬ አልተሠራም፣ ትላለች የሚጣ እናት በልቧ፣ ትላለች እንጂ እጇ አልቆመም፣ የዓሣውን ቆዳ ከነቅርፊቱ ከጠረጴዛው እየገፋች ነጩ ባልዲ ውስጥ ትጥላለች፣ ቆዳ ነጩ ውስጥ፣ አጥንት ነጩ ውስጥ፣ የሆድ ዕቃ ሰማያዊው ውስጥ፣ ነጩ ወደ መፍጫው፣ ሰማያዊው ወደ ጉድጓድ። ሕፃን ልጅ የማይስተው ነገር። እሷ ሳተችው።

አንድ ቀን ብቻ። አንድ ባልዲ።

ከጠረጴዛው ማዶ እትዬ ቢላዋ፣ ዓሣ ስትገነጥል እጇ ስለማይታይ ነው እንዲህ የሚሏት፣ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ሊያባርሯት ነው አሉ ትላለች፣ ማንን፣ የላብራቶሪዋን ልጅ ነዋ፣ ቁጥር ከሆዷ አውጥታ ጽፋለች ተብላ፣ ወይ ጉድ፣ የተማረም ይዋሻል ለካ፣ አንቺ የሚጣ እናት ምነው ዝም አልሽ፣ ምላስሽንም ከቆዳው ጋር ፈጨሽው እንዴ። ጠረጴዛው በሙሉ ይስቃል። እሷም ትስቃለች፣ ሳቋ ከጥርሷ አያልፍም፣ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አምስት ከሩብ ይላል።

የላብራቶሪዋ ልጅ አትዋሽም። ከሷ በላይ ይሄን የሚያውቅ የለም። ሌላው ቆሻሻ የሚለውን ቆዳና አጥንት ተፈጭቶ በርሜሉ ውስጥ ሲንተከተክ አጠገቧ ቆማ ያስረዳቻት ማን ሆነና፣ ሠራተኛው ድፍድፍ የሚለውን ያንን ነገር፣ የሚጣ እናት፣ ፕሮቲን ማለት ረጅም የዶቃ ክር በይው፣ የምንጨምረው ኢንዛይም ደግሞ መቀስ ነው፣ ክሩን ይቆራርጠዋል፣ አጫጭሮቹ ቁርጥራጮች ፔፕታይድ ይባላሉ፣ ከነሱ ጎበዝ ጎበዞቹ ምግብን እንደ ዝገት የሚበላውን፣ የሚያበላሸውን ነገር ይዘው ያስቀሩታል፣ አንቲኦክሲዳንት፣ በይ እስቲ፣ አንቲ፣ አንቲ ምን፣ ተይው ተይው፣ እያሉ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ ያን ጊዜ። ትንሽ ብልቃጥም አሳየቻት። ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ውኃ፣ ድፍድፉ ደርቆ ዱቄት ከሆነ በኋላ ከሱ ተበጥብጦ ጠብ ሲደረግበት ቀስ እያለ ቢጫ ይሆናል፣ ቶሎ ቢጫ ካደረገው ዱቄቱ ጎበዝ ነው። ሐሞቱ ፈሰሰ በይኛ አለቻት የሚጣ እናት፣ ልጅቷ ይቺን ቀልድ ለሰው ሁሉ ስታወራ ሰነበተች።

ፊደሉንም ያስያዘቻት እሷው ናት። ከአራተኛ ክፍል ካቋረጠች ወዲህ ጠፍቶባት የነበረውን፣ በነጭ ፕላስተር ላይ ጽፋ ባልዲው ጎን ለጠፈችላት፣ ቆዳ፣ አጥንት፣ ጭንቅላት፣ መዝገቡ ላይ የሚጻፈው ከሦስቱ አንዱ ነው፣ ይበቃሻል አለቻት። የሆድ ዕቃ የሚል የለም። ጉድጓድ የሚገባ ነገር ምን ብሎ ይመዘገባል።

ሰማያዊውን ባልዲ በእግሯ ትገፋዋለች። ይሸታል። የልጅቷን ፊት ላለማሰብ ቅርፊት ትቆጥራለች፣ አሥራ ሁለት ላይ ይጠፋባታል፣ ደግሞ ከአንድ።

ያን ቀን፣ ሰባተኛው ድፍድፍ የሚፈጭበት ቀን፣ ስልኩ ጡቷ ሥር ነዘረ፣ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ ግን የታመመ ልጅ ጥላ የመጣች ምን ታድርግ፣ ፀጉር መሸፈኛዋ ሥር ሸጎጠችው፣ ጎረቤቷ ናት፣ ትጮሃለች፣ አንቺ፣ ሚጣ ተንቀጠቀጠች፣ ዓይኗ ነጭ ሆነ፣ ገላዋ እሳት ነው፣ ምን ላርጋት፣ ድረሺ እንጂ፣ እና ባልዲውን ያነሳው እጇ ነው፣ እሷ አይደለችም፣ እሷ እቤት ናት፣ ሚጣ አልጋ አጠገብ ናት፣ እጇ ግን አንስቶ ገለበጠ። ሰማያዊ። አንጀቱ፣ ጉበቱ፣ አረንጓዴው ሐሞት፣ ተያይዞ ሲወርድ አየችው። ቀዩ ቁልፍ እዚያው ክንዷ ሥር ነበር። ብትጫነው መፍጫው ይቆማል፣ ፎርማኑ ይመጣል፣ ስልኩን ያያል። አልተጫነችም። ዋጠው። መዝገቡ ላይ ቆዳ ብላ ጻፈች፣ ፊደሉ ከመቼውም በላይ አምሮ ወጣ፣ ይሄ ነው የሚገርማት።

ከዚያ ማን ደረሰላት። የላብራቶሪዋ ልጅ። ፎርማኑን ለምና ያስወጣቻት፣ ነጭ ጋዋኗን ሳታወልቅ ታክሲ ያስቆመች፣ ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ሚጣን ታቅፋ፣ ሕፃኗ ጋዋኑ ላይ ስታስመልስባት ምንም አይደል፣ ይታጠባል ያለች። እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ።

ሚጣ ዳነች። የሰባተኛው ድፍድፍ ዱቄትም ወጣ፣ ወይን ጠጁ አሥር እስኪቆጠር አልቆየም፣ ሥራ አስኪያጁ ራሱ የጻፈችውን ቁጥር አይቶ አጨበጨበ፣ ለገዢዎቹ ደወለ። ስምንተኛው ግን ደከመ። ዘጠነኛው ደከመ። አሥረኛው ላይ ሥራ አስኪያጁ ማጨብጨቡን ትቶ ጠረጴዛ መታ፣ እንዴት ነው አንዴ ብቻ የሚሠራው፣ አንቺ ልጅ ቁጥሩን ፈጥረሽዋል። ዛሬ ገዢዎቹ ይመጣሉ፣ የአሥራ አንደኛው ዱቄትም እነሱ ፊት ይታያል፣ እሱም ካልሆነ በቃ።

እሱም አይሆንም። በነጭ ባልዲ ቆዳ ብቻ ነው የገባበት። እሷ ናት የገለበጠችው።

ማንም አልነገራትም፣ እጇ ግን ያውቃል፣ ሆዱ የፈሰሰበት ዓሣ ጥቂት ከቆየ ሥጋው ይላላል፣ ጣት ይገባበታል፣ እትዬ ቢላዋ ሁሌ የምትጮኸው ለዚህ ነው፣ ሆዱን ቶሎ አውጡ፣ ሥጋውን ይበላዋል እያለች። ይበላዋል። እንግዲያ ሆዱም የራሱ መቀስ አለው ማለት ነው፣ የልጅቷ መቀስ ላይ ሌላ መቀስ ተጨመረ ማለት ነው፣ ይሄን ያሰበችው ትናንት ልብስ ስታጥብ ነው፣ ሳሙናው ከእጇ ወደቀ።

ትናንት። መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ፣ ልጅቷ ዓይኗ ቀልቶ፣ የሚጣ እናት፣ እስቲ አንድ ነገር አስታውሺኝ፣ የሰባተኛው ድፍድፍ ቀን የተለየ ነገር ነበር እንዴ፣ ውኃው፣ ዓሣው፣ የፈለገው ይሁን፣ ትንሽም ብትሆን። ኧረ ምንም፣ ቆዳ ነው፣ እንደ ወትሮው። እሺ፣ አለች ልጅቷ፣ ሄደች፣ ዞር ብላ፣ ሚጣስ እንዴት ናት፣ አለቻት። ምነው ባልጠየቀች።

ብናገር ያባርሩኛል፣ ስልክ አንድ፣ ባልዲው ሁለት፣ የውሸት መዝገብ ሦስት፣ የሚጣ አባት እንደሆነ ስልኩን ከዘጋ ዓመቱ፣ ሚጣን ማን ያበላታል፣ ማን ያሳክማታል፣ ልጅቷ ግን የተማረች ናት፣ ወረቀት አላት፣ ሌላ ቦታ ታገኛለች፣ ታገኛለች አይደል፣ ውሸታም የሚል ስም ይዛ የት ታገኛለች፣ አንቺ ሴትዮ ራስሽን አታታልዪ። ስድስት ሊሆን አምስት ደቂቃ። በመስኮቱ ሦስት ሰዎች ከመኪና ሲወርዱ ይታያሉ፣ ጫማቸው ያብረቀርቃል። ሚጣ፣ የኔ እናት፣ ይቅር በይኝ፣ ወይ አትበይኝ፣ እኔ እንጃ።

የት ነው፣ ትላለች እትዬ ቢላዋ፣ ጉድጓዱ በዚያ ነው እኮ፣ አንቺ፣ ሰማያዊውን ይዘሽ ወዴት ነው።

ባልዲው ይከብዳል፣ ኮሪደሩ ነጭ ነው፣ በቦት ጫማ መግባት ክልክል የሚለውን ጽሑፍ አጥርታ ታነበዋለች፣ ታነበውና በክርኗ በሩን ትገፋዋለች። ብርድ። ጋዋኖች። ሥራ አስኪያጁ፣ ምንድን ነው ይሄ፣ ማን ፈቀደልሽ፣ አውጪው፣ ከኋላው ልጅቷ ብልቃጡን ይዛ፣ ወይን ጠጁ እንዳለ፣ ንቅንቅ አላለም፣ ፊቷ አመድ።

ይሄ ገብቶበታል፣ ትላለች የሚጣ እናት፣ ድምፁ የሷ አይመስላትም፣ ሰባተኛው ላይ፣ እኔ ነኝ፣ ተሳስቼ፣ መዝገቡን ዋሽቼ ነው የጻፍኩት፣ እሷ ምንም አላጠፋችም።

ፎርማኑ ክንዷን ይይዛታል። ልጅቷ ግን ብልቃጡን ታስቀምጣለች፣ አትቆጣም፣ አታመሰግንም፣ ባልዲው አጠገብ ቁጢጥ ትላለች፣ በባዶ እጇ አረንጓዴውን ሐሞት ትነካዋለች፣ ቀና ትላለች፣ ቆይ ልቀቃት፣ ስንት ባልዲ፣ የሚጣ እናት፣ ስንት ባልዲ ነው የገባው፣ በደንብ አስቢ።

ማሰብ አያስፈልጋትም፣ ስንት ቀን ስታየው የኖረችው ነገር ነው፣ አንድ፣ ትላለች፣ ከአፉ አራት ጣት የጎደለ፣ በሁለት ነጭ ላይ፣ መጀመሪያ ነጩ፣ ከዚያ ሰማያዊው፣ ከዚያ ነጩ፣ እና ልጅቷ ትጽፋለች፣ ሌላው ሁሉ ይጮሃል፣ ጡቷ ሥር ስልኩ ይነዝራል፣ ሁሉም ይሰሙታል፣ ይስሙት