ዘጠኝ ከአሥር

አክሊል በቴሌግራም ቻናሉ ጌም ሲተች ሚዛኑ እንደ ወርቅ ሠሪ ሚዛን የማይዛነፍ ይመስለው ነበር። ጀግናዋ አሮጊት የሆነችበትን ጌም «ታሪኩ ይጎተታል» ብሎ አራት ሰጠው፤ ቆንጆ ልጅ ያለችበትን ደግሞ «ታሪኩ ጥልቅ ነው» ብሎ ዘጠኝ።

እህቱ ሳምሪ አዲሱ ገበያ ባለው ቤታቸው ሳሎን ቁጭ ብላ ዘጠኝ ያገኘው ጌም ራሱ የመዘገበውን አነበበችለት። «የተጫወትከው አሥራ አንድ ሰዓት። ከታሪኩ የጨረስከው ሁለት በመቶ። ጀግናዋን ልብስ ስታቀያይር የቆየኸው ዘጠኝ ሰዓት።»

አክሊልን ላብ አጠመቀው። የቸርች ልጅ ነውና እሁድ መድረክ ላይ እንደሚመሰክር ሰው ጉሮሮውን ጠራርጎ ማስተካከያ ቀረጸ። «ቅዱሳን፣ ዓይኔ አስቶኛል፤ ዛሬ በእውነት ልመዝን።»

ከዚያ ዘጠኙን ወደ ስምንት ተኩል ዝቅ አደረገና የጌሙን ቆንጆ ልጅ በሆዱ ይቅርታ ጠየቃት።