የባልዲው መስመር

በውፍረቱ «ጎተራው» የሚሉት ሰውዬ ቅርጫቱ ውስጥ ቆሞ ውሃ በጣሳ ወደ ባልዲው ይገለብጣል። አንድ ጣሳ ገልብጦ ያዳምጣል። ዝም። ሌላ ይገለብጥና ያዳምጣል። ዝም። ሦስተኛው ጣሳ አጋማሹ ላይ ሳለ ከራሱ በላይ ያለው ጡሩምባ አምባረቀ።

«መልስ፣ መልስ» አለ አጠገቡ የቆመው፣ በቅጥነቱ «ሽቦ» የተባለው ባልደረባው።

ጎተራው አንድ ጣሳ መልሶ ቀድቶ ወደ መሬት ደፋ። ጡሩምባው ጸጥ አለ። ሁለቱም ባልዲው ላይ አጎነበሱ። ውሃው ትናንት በጥቁር ቀለም ባሰመሩት መስመር አካባቢ ተኝቷል።

«መስመሩ ላይ ነው» አለ ሽቦ።

«ከመስመሩ በታች ነው።»

«ጋሼ፣ አንተ አጎንብሰህ ስለምታየው ነው እንጂ ላዩ ላይ ነው።»

«ውሃ ቆመህም አየኸው ተኝተህ ያው ውሃ ነው» አለና ጎተራው ጣሳውን አስቀመጠ።

ሥራቸው የረጃጅም ሕንፃዎችን መስታወት ማጠብ ነው። ቅርጫት የሚሉት ከጣሪያ በብረት ገመድ የሚንጠለጠል፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያቆም የብረት ሣጥን ነው። ከሚችለው በላይ ከተጫነ ጡሩምባው ይጮኻል። ጡሩምባው ከጮኸ ደግሞ ሞተሩ ንቅንቅ አይልም። ጠዋት ጠዋት ቅርጫቱን ከመሬት አንድ ክንድ ያህል አንስተው ውሃ የሚጨምሩት እየለኩ ነው፤ ከሁለቱ ሰዎች ላይ የሚቀነስ ስለሌለ የሚቀነሰው ከባልዲው ነው። ውሃው ካነሰ ግን ከሕንፃው ወገብ ላይ ተመልሰው ወርደው መቅዳት አለባቸው። ይህን የሚያየው አለቃቸው ድሮ ከጎተራው ጋር ቅርጫት ላይ የቆመ ሰው ነው፤ ስለዚህ ሲናገር ዙሪያ ጥምጥም አይሄድም።

«ይኼ ባልዲ እስከ ወሩ መጨረሻ ጢም ብሎ ሞልቶ ካልወጣ» ብሎት ነበር፣ «ከሁለታችሁ የከበደው መሬት ይወርዳል። ማን እንደሆነ ስም አልጠራም።»

«ስሜን ጥራው፣ ችግር የለውም።»

«ጎተራው፣ አንተ ነህ።»

ጎተራው መሬት ወርዶ በርና ደረጃ ማጠብን አይንቅም። የጨነቀው ሌላ ነው። ሽቦ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሥራ ያስገባውም ጎተራው ራሱ ነው። ያስገባው ዕለት ሚስቱ እጁን ይዛ «ወንድሜን አደራ! እዚያ ላይ ካንተ ሌላ ከማንም ጋር እንዳይቆም» ብላዋለች። አደራ ደግሞ ከታች ሆነው አንጋጠው የሚጠብቁት ዕቃ አይደለም።

እናም ለመክሳት ቆረጠ። ሚዛን ፍለጋ አልሄደም። ጡሩምባው እያለ ሚዛን ለምኑ? በእሱ እምነት ቀበቶ ያረጃል፣ ሱሪ በእጥበት ብዛት ይሰፋል፣ ሰው ለይሉኝታ ብሎ «ከሳህ» ይላል፤ ጡሩምባ ግን ይሉኝታ አያውቅም። ጠዋት ውሃ ይጨምራሉ፣ ከጩኸቱ በፊት የደረሰበትን ከፍታ ሽቦ በባልዲው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ያሰምራል። መስመሩ ሽቅብ ከሄደ ጎተራው ቁልቁል ሄዷል ማለት ነው። ሒሳቡ እንከን አይወጣለትም ነበር።

መጀመሪያ ነገሩ ሰመረ። እራት ተወ፣ ስኳር ተወ፣ ሊፍት ተወ። መስመሩ ከባልዲው ወገብ ተነስቶ ደረቱ ድረስ ወጣ። አለቃው ባለፈ ባገደመ ቁጥር ወደ ባልዲው ብቅ ብሎ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይል ጀመር። ከዚያ መስመሩ ቆመ። አንድ ሳምንት ቆመ፤ በቀጣዩም ሳምንት ቆመ። መስመር በመስመር ላይ ተደርቦ በባልዲው ዙሪያ ወፍራም ጥቁር መቀነት ሠራ። እንቁላሉ መንገድ ላይ ቁጭ ብሏል።

ጎተራው ጥፋቱን በየተራ ፈለገ። ከባዱን ጫማ ትቶ ሸራ ጫማ አደረገ። የቤቱን ቁልፍ፣ የሣንቲም ቦርሳውን፣ ቀለበቱን መሬት ላይ ትቶ ወጣ። ጢሙን ተላጨ። ጡሩምባው ጢም አይቆጥርም። አንድ ቀን ጠዋት ደግሞ ፊቱ ቀልቶ ጉንጩ ተነፍቶ ቆመ።

«ጋሼ፣ ምን ሆንክ?»

ጎተራው በእጁ ዝም በል አለው።

«ትንፋሽህን ይዘህ ነው እንዴ?»

«እንዲቀለኝ ነው» አለ ጎተራው በተዘጋ አፍ።

«አየር ከያዝክማ መክበድህ ነው።»

ጎተራው ትንሽ አሰበበትና ትንፋሹን ለቀቀው። ጡሩምባው እንደሆነ ሲይዘውም ሲለቀውም ጮኸ።

በዚህ ሁሉ መሀል ምንም ያልተለወጠው የምሳ ዕቃው ነው። ሚስቱ እራት መተዉን ተቀብላለች፤ ምሳ ላይ ግን ጆሮዋን አልሰጠችውም። «ባዶ ሆዱን ሰማይ ላይ የሚወጣ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ራስህን አዙሮህ ብትወድቅ ወንድሜን ማን ይይዘዋል?» ትልና ሩዙን ትጠቀጥቃለች፣ ድንቹን ትደርባለች፣ ሥጋውን ከላይ ታደርጋለች፣ ክዳኑን በጉልበቷ ትዘጋለች። ሙሉውን መመለስ ጠብ ነው። መድፋት ነውር ነው። ስለዚህ ጎተራው ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሰማይና ምድር መሀል ተንጠልጥለው ሳሉ፣ ከላይ ከላይ ሁለት ማንኪያ ቀምሶ የቀረውን ወደ ሽቦ ይገፋዋል። ሽቦ ወንደላጤ ነው፤ የእሱ ምሳ ደረቅ ዳቦ ነው። «ኧረ ጋሼ፣ እኔ ጠግቤአለሁ» ይላል ለወጉ። ከዚያ ዓይኑን ከምሳ ዕቃው ሳይነቅል፣ ቀስ ብሎ እያላመጠ፣ ጥጋጥጉን ሳይቀር ይጠርገዋል። ጎተራው ሆዱ እየጮኸ ያየዋል። የሚያየውም በደስታ ነው፤ አደራ ማለት ማብላትም አይደል?

የወሩ የመጨረሻ ምሽት ጎተራው ቤቱ ገብቶ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ሚስቱ ቱታ እየተኮሰች ነው። የባሏንም የወንድሟንም የምታጥበው እሷ ናት። ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው፤ ሁለቱ ሰዎች ቁመታቸው እኩል ስለሆነ ቱታዎቹ የሚለያዩት በጎናቸው ብቻ ነው። ከኪስ ያገኘችውን ዕቃ አውጥታ፣ ካጠበች በኋላ በየባለቤቱ ኪስ መልሳ መክተት ልማዷ ነው።

«ተውኩት» አላት።

«ምኑን?»

«መክሳቱን። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ፊትህ እኮ ሟሟ። ያ ሸሚዝህ እንኳ አንገትጌው ሌላ አንገት ይጨምራል።»

«ፊትን ፀሐይም ያሟሟዋል። ጡሩምባው አልተለወጠም።»

«ምነው ያኔ ጡሩምባውን አግብተኸው ቢሆን!» አለች ካውያውን ሳታቆም። ቀጥላም «ወንድሜስ?» አለች።

 «ነገ አለቃው ራሱ ይለካናል» አለ ጎተራው። እሷም የተተኮሱትን ሁለት ቱታዎች አጣጥፋ አንድ ከረጢት ውስጥ ከተተች። ያን ማታ ከወትሮው በላይ ጠቅጥቃ የሞላችው የምሳ ዕቃ ጠዋት ክዳኑ አልዘጋ ብሎ በገመድ ታሰረ።

ልብስ መቀየሪያው መስኮት የሌለው ጠባብ ክፍል ነው። አምፖሉ ከተቃጠለ ከርሟል። ጎተራው ከረጢቱን ፈትቶ አንዱን ቱታ ለሽቦ አቀበለ፣ አንዱን ራሱ ለበሰ። ልክክ አለለት። ሚስቱ ዛሬ ጥሩ አድርጋ ተኩሳዋለች ብሎ አሰበ። ሌላ ነገር የሚያስብበት ልብ አልነበረውም።

አለቃው ግቢው ውስጥ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይጠብቃል። ገቡ። ቅርጫቱ አንድ ክንድ ተነሳ። ጎተራው ጣሳ በጣሳ ጨመረ፤ መቀነቱ ሥር ሲደርስ ጡሩምባው አምባረቀ። እንደገና ሞከሩ። አምባረቀ። ውሃው ከትናንቱም በጣት ያህል ዝቅ ብሏል።

«እንግዲህ» አለ አለቃው ወደ ጫማው እያየ። «ጎተራው፣ እኔም ደስ ብሎኝ አይደለም።»

 ጎተራው ላቡን ሊጠርግ መሐረብ ፍለጋ እጁን ኪሱ ከተተ። እጁ ማበጠሪያ ይዞ ወጣ። ጎተራው ማበጠሪያ ከያዘ ቆይቷል፤ የሚያበጥረው ነገር የለውም።

«ማበጠሪያህ እኔ ኪስ ምን ይሠራል?»

ሽቦ የራሱን ኪስ ዳሰሰ። «መነጽርህስ እኔ ኪስ ምን ይሠራል?»

አለቃው ወደ ቅርጫቱ ተጠጋ። ቱታ የሚያድለው እሱ ነው። የጎተራውን አንገትጌ ገልብጦ ቁጥሩን አየ፤ የሽቦንም ገልብጦ አየ። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሽቶ ሁለቱንም ከላይ እስከ ታች አያቸው። ሽቦ የጎተራው ቱታ ውስጥ ቆሟል። ቱታው አልተንጠለጠለበትም፤ እንዲያውም ሆዱ ላይ ያለው ቁልፍ ጭንቀት ይታይበታል።

«ይኼኛው ትንሹ ነው» አለ አለቃው ጎተራው ወደለበሰው እየጠቆመ። «እንዴት አድርገህ ገባህበት?»

«እንደ ሁልጊዜው። በእግሬ ጀምሬ» አለ ጎተራው።

 የቧንቧው ውሃ ይንጠባጠባል።

«ምሳዬ!» አለ ጎተራው በመጨረሻ።

«አንተ አይደለህ የሰጠኸኝ?»

«ብላ አልኩህ እንጂ ወፍር አልኩህ?»

«ታዲያ በየት በኩል ይሂድልህ ጋሼ? አንተ የጣልከውን እኔ አነሳሁት።»

ጎተራው ወደ ጡሩምባው ቀና አለ። ጡሩምባው አልዋሸም። ጠዋት ጠዋት የሚናገረው ስለ ሁለቱ ነበር፤ ጎተራው ግን ስለ እሱ ብቻ የሚናገር መስሎት ራሱን ሲረግም ከርሟል። ሊስቅ ነበር፤ የሽቦ ፊት አስቆመው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ለእህቴ ግን አትንገር» አለ ሽቦ። «ስበላ ወደ ታች አላይም።»

«ምን ማለት ነው?»

«እጄ መስታወቱ ላይ ሲሆን ደህና ነኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ነው የሚከፋው። ሥራ ሲቆም ዓይኔ ወደ ታች ይሄዳል፣ እፈራለሁ። የምሳ ዕቃውን እያየሁ ሳላምጥ ግን አለፍ ይልልኛል። ምግቡ ቶሎ እንዳያልቅ ነው ቀስ ብዬ የምበላው።»

ጎተራው የዚያን ሁሉ ቀን ምሳ አስታወሰ። በደስታ እያየው የነበረው ሰው ሲፈራ ኖሯል። ክንድ ለክንድ ተነካክተው ቆመው አላወቀም።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንተ አስገብተኸኝ? እንዴት ብዬ?»

አለቃው ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ የከበደው ይወርዳል ብያለሁ፤ ቃሌን አላጥፍም። ስለዚህ ሽቦ፣ አንተ ከዛሬ ጀምሮ…»

ሽቦ አለቃው ተናግሮ እስኪጨርስ አልጠበቀም። ቅርጫቱን ተሻግሮ መሬት ረግጦ፣ የደህንነት ቀበቶውን እየፈታ ነበር። ጎተራው እያየው በልቡ አሰበ፤ እዚያ ላይ ከማንም ጋር እንዳይቆም ነው የተባለው። ይኸው አይቆምም። መሬት ላይ የቆመ ሰው ደግሞ ከፎቅ ወድቆ አያውቅም።

«ለእህትህ እኔ እነግራታለሁ» አለው። «ፈራ አልላትም። ወፈረ ነው የምላት። ደስ ይላታል።»

ለዛሬ ሌላ ሰው ስላልነበረ አለቃው ራሱ ቀበቶ አስሮ ወጣ። ቀጭን ነኝ ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ሽቦ ከታች ሆኖ ውሃ አቀበለ። ውሃው ጥቁሩን መቀነት አለፈ፤ ጎተራው መስመሩ ከውሃ በታች ሲሰጥም ዓይኑን ሳይነቅል አየ። ባልዲው ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ጡሩምባው አምባረቀ። አለቃው ከኪሱ ትልቅ የቁልፍ ዘለላ አውጥቶ ለሽቦ ወረወረ። ጡሩምባው ጮኸ። አለቃው ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ጉንጩ ተነፋ።

«አየር ከያዝክማ መክበድህ ነው» አለ ጎተራው።

አለቃው ትንፋሹን ለቀቀ። «ቢሮ መቀመጥ» አለና ቀሪውን ዋጠው። አንድ ጣሳ ራሱ ቀድቶ ደፋ። «ይበቃል። ጢም ብሎ የሞላ ባልዲ ይፈሳል። ማነው ይሙላ ያለው?»

ወጡ። ምሳ ሰዓት ላይ ጎተራው የምሳ ዕቃውን ገመድ ፈታ። እኩሌታውን ለየና በላ፤ ከከረመበት ረሃብ የተነሳ ሩዙ ስኳር ስኳር አለው። ወደ ታች አየ። ሽቦ በሩ ደፍ ላይ ተቀምጦ ዳቦውን ይገምጣል፤ አንጋጦ እጁን አወዘወዘ። አለቃው የቀረውን እኩሌታ እያየ ነበር።

«የማትበላው ከሆነ…»

«አይሆንም አለቃ» አለ ጎተራው፤ ክዳኑን ገጥሞ በገመዱ አሰረው። «የሽቦ ነው። ግማሹ ብቻ።»

ማታ ከሽቦ በቀር ሰው ሁሉ ሲሄድ ጎተራው ከቧንቧው ሥር ቁጢጥ አለ። ጨርቅ በቤንዚን ነክሮ የባልዲውን ጥቁር መቀነት ፈተገው። ቀለሙ ወዲያው አልለቀቀም፤ መስመሮቹ አንዱ ካንዱ ጋር ተጣብቀው ነበር። ፈተገው፣ አጠበው፣ እንደገና ፈተገው። ነጭ ሲሆን በንጹሕ ውሃ አለቀለቀና ወደ ሽቦ ዞረ።

«ማስመሪያ ቀለሙን ላምጣ?» አለ ሽቦ።

«ተወው» አለ ጎተራው። ባልዲውን ከቧንቧው አጠገብ በአፉ ደፋው።