በምራታቸው እጅ

"ዓይንዎን አይጨፍኑ አባባ፤ ግንባሬን ይዩ" አለቻቸው ምራታቸው፣ ጭንቅላታቸውን በሁለት እጇ ደግፋ ወደ ኋላ እያስተኛቻቸው።

ጣሪያው ተሽከረከረ። ሰውዬው የአልጋውን ጠርዝ ጨምድደው ያዙ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከሰው ሁሉ በላይ ተቀምጠው ብረትና ሲሚንቶ ሲያነሱ የኖሩ የክሬን ኦፕሬተር ናቸው። ዛሬ ግን ከጉልበት ከማያልፍ አልጋ ላይ የሚወድቁ መሰላቸው።

ሕመሙ የጀመራቸው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ትናንት ክሬኑ ላይ ሆነው ቀና ሲሉ ግን ክፉኛ አዞራቸውና የተንጠለጠለው የብረት እስር ሁለት ግንበኞችን ለጥቂት ስቶ አለፈ። ሰው ሁሉ በነፋስ አሳበበ። እሳቸውም ዝም አሉ።

ዛሬ ጠዋት ሲንገዳገዱ አይቶ፣ ምራታቸው በፊዚዮቴራፒ ወደምታክምበት ወደዚህ ክሊኒክ እየጎተተ ያመጣቸው ልጃቸው ነው። ይህችን ሴት ሊያገባ ሲል "ሰው ስታሽ የምትውል ሴት አይሆንህም" ብለው ከሠርጉ ቀርተዋል። ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ ነገር የላቸውም።

"ልወድቅ ነው!"

"አይወድቁም፣ ይዤዎታለሁ። አሁን ያልፋል።"

እውነትም አለፈ። ጭንቅላታቸውን በቀስታ ወደ ሌላው ጎን አዞረች፤ ጠበቀች፤ በጎናቸው አስተኛቻቸው፤ ጠበቀች፤ ከዚያ ደግፋ አስቀመጠቻቸው።

"ጆሮ ውስጥ ሚዛን የሚጠብቁ ደቃቅ ጠጠሮች አሉ። የእርስዎ ከቦታቸው ወጥተው ነበር፤ መለስናቸው።"

"በቃ? መርፌ የለውም?"

"ካማረዎት ይፈለጋል።"

ሳቃቸው አመለጣቸው። ወዲያው ፊታቸው ጠቆረ።

"ትናንት ሰው ልገድል ነበር" አሉ። ለልጃቸው እንኳ ያልነገሩትን አንድ በአንድ ነገሯት።

አልተቆጣቻቸውም። አጠገባቸው ተቀመጠች። "ሊመለስብዎት ይችላል። በሳምንቱ ደግሜ ሳላይዎት ክሬን ላይ አይውጡ። አለቃዎም እውነቱን ይወቅ።"

"ካወቀ በዚያው ያስቀረኛል።"

"ሊያስቀርዎት ይችላል" አለች፤ አላባበለቻቸውም።

ሰውዬው ከአልጋው ወርደው ስልካቸውን አወጡና አለቃቸው ጋ ደወሉ።

"የት ጠፉ? ሰው ቆሞ እየጠበቀዎት'ኮ ነው!" አለ አለቃቸው።

"አልመጣም። ትናንት ብረቱ የተወዛወዘው እኔ አዙሮኝ ነው።"

አለቃው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ታዲያ መቼ ነው የሚመለሱት?"

የአልጋውን ጨርቅ ለሚቀጥለው ታካሚ የምትቀይረውን ሴት አዩ።

"እሱን የምታውቀው ምራቴ ናት" አሉ። "እሷን ላገናኝህ።"

ስልኩንም ዘረጉላት።