በአሸተን ግርጌ የበቀለው ገብስ

እቅዱን ሊመረምሩ ከዞኑ የመጡት አቶ ደሳለ ሰነዱን ዘግተው እስክሪብቷቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

«ይህ እቅድ አይጸድቅም» አሉ።

በላሊበላ ማዘጋጃ ቤት የተሰበሰቡት ሁሉ ወደ ሸጌ ዞሩ። እቅዱ የእሷ ነበር። ከክልሉ የመጣው መመሪያ የሚበሰብስ ቆሻሻ ገደል መጣሉ ቀርቶ፣ ከፕላስቲኩ እየተለየ ኮምፖስት ይሁን ብሎ እስከ ኅዳር 2003 ቀን ቆርጧል። ሸጌ ከዐሥራ አራት የጽዳት ሴቶች ጋር የሆቴሎቹን በርሜል ስታስለይ፣ የድንች ልጣጩንና የጎመን ቅጠሉን ከገለባ ጋር ስትከምር ዓመት ሞላት። ዛሬ ካልጸደቀ ሥራው ለተቋራጭ ይሰጥና ሴቶቹ ይበተናሉ።

«ጉድለቱ ምኑ ላይ ነው?» አለች።

«ኮምፖስቱን ገበሬ ይወስዳል ይላል። የላስታ ገበሬ የሆቴል ጥራጊ ማሳው ውስጥ ያስገባል?»

«አንድ ገበሬ አስገብተዋል። ይምጡና በዓይንዎ ይዩ።»

ይህን ያለችው ግን ሳታረጋግጥ ነበር። ገበሬው አያ ወልደ ሰንበት በሰኔ ኮምፖስቱን የተቀበሏት በስንት ልመና፣ ያውም ለማሳቸው እኩሌታ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ በአሸተን ተራራ በኩል በረዶ መውረዱን ሰምታለች። ገብሱ ይቁም ይተኛ አላየችም።

ወደ ማሳው የሚወስደውን ዳገት ግማሽ ሰዓት ወጡ። ከንቲባው ከኋላ ደርሰው ክንዷን ያዙ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም ጋሼ» አለች ቀስ ብላ።

መታጠፊያውን ሲያልፉ ሸጌ ቆመች። በረዶው ማሳውን አልነካውም። የግራው ገብስ አጭርና ሳሳ ያለ ነበር። ኮምፖስቱ የገባበት የቀኙ ግን ወገብ ደርሶ፣ ዛላው ከብዶት አጎንብሷል።

አያ ወልደ ሰንበት ነጠላቸውን እያስተካከሉ መጡ።

«ይቺን ልጅ ያባረርኳት እኔ ነኝ» አሉ። «የፈረንጅ ትራፊ በአባቴ መሬት አይገባም ብዬ። ሦስት ጊዜ መለስኳት፤ በአራተኛው ሰለቸኝና ተቀበልኳት። አሁን እኔው አፈርኩ።»

«ዘሩ አንድ ነው?» አሉ አቶ ደሳለ።

«ከአንድ ጎተራ የወጣ፣ በአንድ ቀን የተዘራ። በማርያም!»

አቶ ደሳለ ማሳው ውስጥ ገቡ። ዛላ ቀጥፈው በመዳፋቸው አሹ፣ ገለባውን እፍ አሉና ፍሬውን ቆረጠሙ። ጎንበስ ብለው አፈሩን ዘገኑ፤ ጥቁርና ፈርከስከስ ያለ ነበር። ይኼኔ የድንበር ጎረቤቲቱ እማማ ውዱ ከማሳቸው ተጣሩ።

«ጌታው! ያንን አፈር የሚያድሉት እርስዎ ነዎት? ለእኔም ይድረሰኝ እንጂ!»

«ለእኔስ?» አለ ሌላው ከታች። ወዲያው ሰባት ስምንት ገበሬ ዙሪያቸውን ከቦ ቆመ።

አቶ ደሳለ ሳቁ። እቅዱን የድንጋይ ካቡ ላይ ዘርግተው ፈረሙ። እማማ ውዱ እልልታቸውን ለቀቁት፤ ከንቲባውም ባርኔጣቸውን አውልቀው አጨበጨቡ።

«ነገ ጧት አብረን ወልድያ እንሂድ» አሉ አቶ ደሳለ ወደ ሸጌ ዞረው። «የዞኑ ከተሞች በሙሉ እዚያ ይሰበሰባሉ። እርስዎ ያስረዷቸዋል።»

«ትሄዳለች!» አሉ ከንቲባው ቀድመው።

«ነገ የኮምፖስቱ ክምር የሚገላበጥበት ቀን ነው» አለች ሸጌ። «እነሱ ይምጡ። አካፋውን እኛ እናዘጋጃለን።»