አሥራ ሁለት ፊርማ

1.

ቁልቁለት ላይ ፍሬን ላይ አትተኛ። ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ። የፍሬን አየር መጉደሉን ካየህ ዳር ይዘህ ቁም፤ ጎማው ሥር ታኮ አድርግ፤ ከዚያ በኋላ ደውል። ረፈደብኝ ብለህ አትሩጥ። የሚጠብቅህ ሰው ብታረፍድ ይቆጣል፤ ብትቀር ያለቅሳል።

2.

ይህን ምክር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስንዱ እባላለሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የጭነት መኪና ድርጅት የሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪ ነኝ። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሾፌሮቹንና መካኒኮቹን ግቢው ውስጥ አሰልፌ እንዲህ ያለውን አነብላቸዋለሁ። «እትዬ ተጠንቀቁ» የሚል ስም አውጥተውልኛል። ከኋላዬ ሲሉት እሰማለሁ፤ አልቀየምም።

ሥራዬ መጠርጠር ነው። ጎማ እጠረጥራለሁ። የተላጠ የኤሌክትሪክ ገመድ እጠረጥራለሁ። ከሁሉ አብልጬ የምጠረጥረው ግን ሳይጠየቅ «ደህና ነው» የሚለውን ሰው ነው።

እናንተም ይህን ስታነቡ ጠርጥሩ። ማንንም አታስቀሩ።

3.

ባለፈው ዓርብ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ይመር አህመድ ከቆቦ ማሽላ ጭኖ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ፣ ሀረጎ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እምቢ አለው።

ይመር ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ሠላሳ አንዱን ዓመት መሪ ላይ ነው ያሳለፈው። ረገጠ፤ የለም። ደገመ፤ የለም። ማርሽ ሊቀንስ ሞከረ፤ አልገባለትም። ከፊቱ ሰው እስከ በሩ የጫነ ሚኒባስ ነበር። ጥሩምባውን ሳያቋርጥ እየነፋ በግራ በኩል አለፈው። ከዚያ በቀኙ ገደል፣ በግራው ተራራ ሆነ። ተራራውን መረጠ።

ሚኒባሱ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ተረፉ። ማሽላው አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ። የይመር ቀኝ እግር ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

ፍሬን የሚረግጥበት።

እኔ በዚያ ሰዓት ወረኢሉ ነበርኩ፤ ለወንድሜ ሰርግ ድንኳን አስተክላለሁ። «ገመዱን አጥብቁት፣ ሰው ላይ እንዳይወድቅ!» እያልኩ።

4.

ሰኞ ጠዋት ከሰርግ ስመለስ ጠረጴዛዬ ላይ ያገኘሁት፦

የአደጋ ሪፖርት ቅጽ
የአሽከርካሪው ስም፦ ይመር አህመድ
የመኪናው ሁኔታ ከጉዞ በፊት፦ ተመርምሮ ደህና¹ ሆኖ ተገኝቷል
የአደጋው ምክንያት፦ የአሽከርካሪው ጥፋት። ከሚገባው ፍጥነት በላይ ነድቷል
ሪፖርቱን ያዘጋጀው፦ ሞገስ፣ የስምሪት ኃላፊ
የደህንነት ተቆጣጣሪ ስምና ፊርማ፦ ……………………

ነጥብ ነጥቡ የእኔ ቦታ ነው።

¹ ደህና፦ በእኛ ግቢ ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው «አይቼዋለሁ፣ ችግር የለበትም» ማለት ነው። ሁለተኛው «አላየሁትም፣ አትጠይቀኝ» ማለት ነው።

5.

ከሪፖርቱ ጋር አንድ ወረቀት ተያይዟል። መኪና ከግቢ ከመውጣቱ በፊት እኔ የምሞላው የምርመራ ቅጽ ነው። አሥራ አራት ሣጥን አለው፤ ጎማ፣ መብራት፣ መሪ፣ ፍሬን እያለ ይወርዳል። አሥራ አራቱም ላይ የራይት ምልክት አለ።

በቀይ እስክሪብቶ።

እኔ በሰማያዊ ነው የምጽፈው። ፍሬን በሚለው መስመር የአየሩን ልክ በቁጥር አሰፍራለሁ፤ እዚህ ግን «ደህና» ይላል። ቀኑ ሐሙስ ነው፤ ይመር ወደ ቆቦ የወጣበት ቀን። ሐሙስ እኔ ኮምቦልቻ አልነበርኩም።

ከታች ፊርማ አለ። የእኔ ፊርማ ነው።

6.

በዚያው ሰኞ፣ በስምሪት ኃላፊው ቢሮ። እንዳስታውሰው እጽፈዋለሁ።

እኔ፦ አቶ ሞገስ፣ ይህን ቅጽ ማን ነው የሞላው?

ሞገስ፦ ፊርማው የማነው?

እኔ፦ የእኔ ነው።

ሞገስ፦ ታዲያ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?

እኔ፦ ራይቱ የእርስዎ እጅ ይመስላል።

ሞገስ፦ ራይት እጅ አለው እንዴ? ስሚ ስንዱ። ይመር ጥሩ ሰው ነው፣ ማንም አይክድም። ግን አርጅቷል። ዓይኑም እግሩም እንደ ድሮው አይደለም። ሪፖርቱ ላይ ፈርሚና እንገላገል።

እኔ፦ ፍጥነት አብዝቶ እንደነበር በምን አወቁ?

ሞገስ፦ ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው ተራራ ይገጫል?

እኔ፦ ፍሬን ያጣ ሰው ይገጫል።

ሞገስ፦ (ሪፖርቱን ወደ እኔ እየገፋ) በሩን ስትወጪ ዝጊው።

አልፈረምኩም። በሩን ግን ዘጋሁት።

7.

(ይህን ቁጥር ዘልዬዋለሁ።)

8.

ብረት ስትሞርድ መነጽር አድርግ። ልብስህ ሰፊ ከሆነ እጅጌህን ጠቅልለህ እሰር፤ የሚሽከረከር ነገር ጨርቅ ይወዳል። በክሪክ ብቻ የተነሳ መኪና ሥር አትግባ። የማታምንበትን ሥራ «አለቃ አዝዞኝ ነው» ብለህ አትሥራ። አለቃህ ሥሩ አይተኛም።

9.

ማክሰኞ ወደ ጋራዡ ወረድኩ። ዋና መካኒኩ እንድሪስ ያለ መነጽር ብረት ይሞርዳል። ሲያየኝ መሞረጃውን አጠፋው፤ ሰላም ሳይለኝ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር። በግቢው ውስጥ እንደ እሱ የሚያስቀኝ ሰው አልነበረም። ከሰርጉ ከተመለስኩ ወዲህ ግን ባየኝ ቁጥር ፊቱን ያዞራል። እሱ ነው ብዬ ነበር። አይቶ ያለፈው፣ ምናልባትም ፊርማዬን ያስመሰለው እሱ ነው፤ አለዚያ ለምን ይሸሸኛል?

«እንድሪስ» አልኩት፣ «የይመርን መኪና ፍሬን ሐሙስ ዕለት አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ?»

ወደ ጓዳው ገብቶ አንድ ነገር በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣ። ከተሰበረው መኪና የፈታው የፍሬን ሸራ ነበር፤ እየተጫነ ጎማውን የሚያቆመው። የጣት ውፍረት ሊኖረው ይገባል። በመዳፌ ላይ የተቀመጠው እንደ ጫማ ካርቶን ሳስቷል።

«ይህን አይቼ ለሞገስ ነገርኩት» አለ። «‹ሸራው አልቋል፣ ይህ መኪና እንዳይወጣ› አልኩት። ወረቀት አውጥቶ አሳየኝ። ‹ስንዱ አይታ አሳልፋዋለች፣ ካንተ እሷ ታውቃለች› አለኝ። ፊርማሽን አየሁ። ወላሂ፣ የዚያን ቀን ነው ያዘንኩብሽ። ሰኞ ሰኞ እዚህ ቆመሽ የምትናገሪው ሁሉ ውሸት ነው አልኩ።»

«ሐሙስ እዚህ አልነበርኩም እኮ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «እንግዲያ ፊርማሽ ብቻውን መጣ?»

7.

(ቦታው እዚህ ነው።)

ማንም ፊርማዬን አላስመሰለም። ከመጀመሪያው አውቀው ነበር። ከላይ ያለውን ሁሉ ስጽፍ ሞገስን እንድትጠረጥሩት፣ ከዚያ እንድሪስን እንድትጠረጥሩት አድርጌ ነው የጻፍኩት፤ እኔ ራሴ ሁለት ቀን ሙሉ እንደዚያ ሳደርግ ስለነበር። ሌላ ሰው ስጠረጥር እፎይ እላለሁ።

የሆነው ይህ ነው። ወደ ወረኢሉ በሄድኩበት ማክሰኞ፣ ሻንጣዬን ትከሻዬ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ሞገስ አሥራ ሁለት ባዶ ቅጽ ይዞ መጣ።

«ፈርሚልኝ» አለ። «ምርመራውን እንድሪስ ይሠራዋል፣ ሣጥኑን እኔ እሞላለሁ። አንቺ እስክትመለሺ አሥራ ሁለት መኪና አቁሜ ልጠብቅ?»

«ሳላይ እንዴት…»

«የወንድምሽ ሰርግ አይደል? ሂጂ፣ መኪና ያመልጥሻል።»

ቆሜ ፈረምኩ። አሥራ ሁለቱንም። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

10.

ረቡዕ ጠዋት ይመርን ልጠይቅ ደሴ፣ የተኛበት ሆስፒታል ሄድኩ። ባለቤቱ ወይዘሮ ዘይነባ ሾርባ በማንኪያ እያቀመሰችው ነበር። የጠፋው እግር ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ላይ ብርድ ልብሱ ጠፍጣፋ ነው። እንዳላየው ስታገል እዚያው አየሁ።

«ስንዱዬ መጣሽ?» አለ። «ሰርጉ እንዴት ሆነ? ሙሽራዋ አማረች?»

«ጋሽ ይመር…»

«ትራፊኮቹ መጥተው ነበር። ፍጥነት አብዝተሃል አሉኝ። አላበዛሁም ብል ማን ይሰማኛል? አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እኔም ራሴን ተጠራጥሬያለሁ። እግሬ አርጅቶ በደንብ ሳልረግጠው ቀርቼ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ የለኝም። አሁን እግሩ የለም፣ እንዳልጠይቀው።»

ሊያስቀኝ ነበር የፈለገው።

«ረግጠኸዋል» አልኩት። «ሸራው አልቆ ነበር። እንድሪስ እንዳይወጣ ብሎ ነበር። የወጣው በእኔ ፊርማ ነው። ሳላየው ነው የፈረምኩት።»

ወይዘሮ ዘይነባ ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እንድትሰድበኝ ጠበቅኩ። አልሰደበችኝም።

ይመር የጠየቀኝ ስለ እግሩ አልነበረም።

«ስንት ወረቀት ነው የፈረምሽው?»

«አሥራ ሁለት።»

«አንዱ የእኔ ነው።»

«አዎ።»

«አሥራ አንዱስ?»

11.

አሥራ አንዱ።

12.

ሦስት ቀን ሙሉ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ስፈልግ ከረምኩ። መኪኖቹ የት እንዳሉ አንድም ጊዜ አልጠየቅኩም። እግሩን የተቆረጠው ሰውዬ ነው የጠየቀው።

ወደ ኮሪደሩ ሮጬ ወጣሁና ለእንድሪስ ደወልኩ። የበሩን ዘበኛ መዝገብ ተቀብሎ አነበበልኝ። ከአሥራ አንዱ ሰባቱ ተመልሰው ግቢ ውስጥ ቆመዋል። አራቱ መንገድ ላይ ናቸው። የአራቱንም ሾፌሮች ስልክ በቃሌ አውቀዋለሁ።

ሙሄ፦ ሚሌ። «ባለህበት ቁም» አልኩት። «ቆሜያለሁ፣ ምን ሆንሽ?» አለ።

ሰይፈ፦ ወልዲያ፣ ጭነት እያራገፈ። ሰደበኝ። መኪናው ግን እንደማይንቀሳቀስ ማለልኝ።

አዳነ፦ ደብረ ብርሃን። «ፍሬኑ ትንሽ ለስለስ ብሎብኝ ነበር፣ ወረቀቱ ላይ ፊርማሽን ሳይ ግን ምንም አይደለም ብዬ ተውኩት» አለኝ። ከዚያ ደግሞ፣ «ከጌጡ ጋር ቁርስ በልተን እሱ ቀድሞኝ ወጣ። ሲሚንቶ ነው የጫነው። ይሄኔ ጣርማበርን አልፎ ወደ ደብረ ሲና እየወረደ ነው።»

ጌጡ፦

13.

አይነሳም።

14.

ጌጡን አታውቁትም። ሰኞ ሰኞ ሌሎቹ እጃቸውን አጣምረው ሲያዛጉ፣ ከፊት ቆሞ የምናገረውን በደብተር የሚጽፈው እሱ ብቻ ነው። አንድ ቀን «ለምን ትጽፈዋለህ?» ብዬ ስጠይቀው «ማንበብ የጀመርኩት በቅርብ ነው፣ እለማመድበታለሁ» አለኝ። አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። የእኔን ምክር ነው ማንበብ የሚለማመድበት።

15.

እስካሁን ያደረግኩት፦

ሆስፒታሉ በር ላይ ለነበረው የትራፊክ ሳጅን ሁሉንም ነገርኩት። በሬዲዮ ወደ ደብረ ሲና አስተላለፈ። ቃሌን በጽሑፍ ሰጠሁ፦ ይመር አላጠፋም፤ መኪናውን ሳላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ሣጥኖቹን የሞላው ሞገስ ነው። ሳጅኑ አንብቦ «ይህ አንቺንም ያስከስስሻል፣ ታውቂያለሽ?» አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። ስሜን ጻፍኩና ከመፈረሜ በፊት ከላይ እስከ ታች አነበብኩት።

አዳነ መኪናውን አቁሞ በሚኒባስ ጌጡን ተከትሎ ሄዷል።

ሞገስ ሦስት ጊዜ ደወለ፣ አላነሳሁም። በአራተኛው አነሳሁ።

«ምንድን ነው የሠራሽው?»

«ቃሌን ሰጠሁ።»

«ከዛሬ ጀምሮ ሥራ የለሽም።»

«እሺ። ጌጡን አግኝተውታል?»

ሌላ ሰው በሚመስል ድምፅ፣ «እኔም ስደውልለት ነው ያረፈድኩት፣ አይነሳም» አለ። ያንን ድምፅ አልጠረጠርኩትም።

16.

ይህን የምጽፈው የሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ሰዓቱ አምስት ከሩብ ነው። ቁጥር እየሰጠሁ የምጽፈው አንዱን ጨርሼ ወደ ቀጣዩ የማልፍበት ነገር እንዲኖረኝ ነው። አለዚያ ስልኩን ብቻ ነው የማየው።

ወይዘሮ ዘይነባ ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል። «ይመር ‹አብሽሪ በያት› ብሎኛል» አለችኝ። እሷ ግን አላለችኝም፤ መልእክቱን ብቻ አደረሰች። ትክክል ናት። ቢሆንም ተነስታ አልሄደችም።

17.

ስልኩ ጠራ። አዳነ ነው።

«ስንዱ፣ ደብረ ሲና ደርሻለሁ።»

«ጌጡስ?»

ከኋላው የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል። ይጩኹ ይሁን ይሳቁ መለየት አልቻልኩም። ወይዘሮ ዘይነባ እጄን ያዘችው።

«አዳነ! ጌጡስ?»

«ቆይ፣ ትሰሚኛለሽ?»

«እሰማሃለሁ።»

18.

(ይህን ቁጥር አዳነ የሚለውን ሳልሰማ አልሞላውም።)