አርባ ደቂቃ

ፀጉር አስተካካዩ ያንን ሰው በሩ ላይ ሲያየው ማሽኑን መወልወሉን ተወ። የመጣው ሹፌሩ ነው፤ የሟች አማቹ አባት። ሃያ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚሁ ወንበር ላይ ሲላጭ ኖሯል። ልጁ የፀጉር አስተካካዩን ሴት ልጅ ያገባ ጊዜ ደግሞ፣ ከእንግዲህማ ተራ መጠበቅ ቀረልኝ ብሎ ቤቱን በሳቅ ያፈረሰ ሰው ነው። ዛሬ ግን ፊቱ በጢም ተውጧል፤ ለመግባትም ፈቃድ የሚጠብቅ ይመስላል።

ጥግ ላይ የአሻንጉሊቷን ፀጉር የምታበጥረው የልጅ ልጃቸው ቀና ብላ አየችውና ፀጉር አስተካካዩ ጀርባ ተሸሸገች። ማን ነው ብላ ጠየቀች። ሹፌሩ ሰማ። አንጀት የሚበላው ይህ ነበር፤ በመኪናው ጡሩምባ "አባባ ጲጲ" ብላ ስም ያወጣችለት እሷ ራሷ ናት እኮ።

የልጆቻቸው ትዳር ሲፈርስ ፍርድ ቤቱ ሕፃኗ ሳምንቱን እናቷ ጋ፣ ቅዳሜና እሁድ አባቷ ጋ እንድትሆን፣ እሁድ አሥራ አንድ ሰዓት ላይም ፀጉር ቤቱ በር ላይ እንድትመለስ ወሰነ። እውነት ለመናገር ፍርዱ ምንም አልነበረበትም። ያበላሸው ይኸው ሽማግሌ ፀጉር አስተካካይ ነው። ለሴት ልጄ ላግዝ ብሎ፣ የደንበኛ ቀጠሮ በሚጽፍበት ደብተር የሕፃኗን መዘግየት መመዝገብ ጀመረ። አንድ እሁድ አምስት ደቂቃ፣ አንድ እሁድ አሥራ ሁለት። አሁን አምስት ደቂቃ ምን ይባላል? ሻይ እንኳ አያበርድም። እሱ ግን ይጽፋል፤ ጽፎም ዝም አይል፣ አጠገቡ ቆሞ ለሚሠራው ወንድ ልጁ ጮክ ብሎ ያነብለታል። ልጁ ደግሞ እህቱን የሚወድ፣ ቶሎ የሚግል ጎረምሳ ነው።

የዚያን እሁድ ልጅቷ አርባ ደቂቃ ዘገየች። ሽማግሌው ደብተሩን ዘጋና፣ "ጭራሽ ንቀውናል" አለ። አባትየው ሕፃኗን ይዞ ብቅ ሲል ጎረምሳው ደንበኛ የሚላጭበትን ምላጭ እንኳ ሳያስቀምጥ ወጣ። ተሰዳደቡ፣ ተያያዙ። ለመገላገል የሮጠ ሰው ሳይደርስ ሁሉ ነገር አለቀ። አንዱ ልጅ መቃብር ወረደ፣ አንዱ እስር ቤት ገባ።

ዐሥር ወር ሆነው። ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት ማሽን እንጂ ምላጭ አልተነካም። የሕፃኗ እናት፣ ልጄ የሹፌሩን ቤት ደጃፍ አትረግጥም ብላ ነበር። ሰሞኑን ግን ለአባቷ ለፀጉር አስተካካዩ፣ አንተ ካልክ እኔም እሺ እላለሁ አለችው። እሱ ደግሞ እሺ ለማለትም እምቢ ለማለትም አፉ ተሳስሮ ከረመ። ሹፌሩ ልጅቷን ፈልጎ እንደመጣ ገብቶታል።

ሹፌሩ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

"በምላጭ ላጨኝ" አለ።

ፀጉር አስተካካዩ ምላጭ መተዉን ነገረው። ሹፌሩም ማሽን ጉጥ ጉጡን እንደሚያስቀር፣ ሲስማት ይወጋኛል እያለች ፊቷን ታዞርበት እንደነበር ቀስ ብሎ አስረዳው። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ያኖረበትን የታችኛውን መሳቢያ ከፈተ።

ሳሙናውን ቀባው። ሹፌሩ ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ቀና አድርጎ ሰጠው። ፀጉር አስተካካዩ ያንን ፊት እንደ ራሱ ፊት ነው የሚያውቀው፤ በግራ አገጩ ሥር ጢሙ ወደ ጎን እንደሚያድግ፣ እዚያ ላይ ምላጩ ቀለል ማለት እንዳለበት ሁሉ። እዚያ ሲደርስ ምላጩን ከአንገቱ አራቀው።

"እኔ ነኝ" አለ። "ደቂቃ እየቆጠርኩ ልጄን ያነሳሳሁት እኔ ነኝ።"

ሹፌሩ ዓይኑን ገለጠ። በመስታወቱ ውስጥ ፀጉር አስተካካዩን አየው።

"ለምን እንደዘገየች ታውቃለህ?" አለው። "ደረቴ ላይ ተኝታ ነበር። ልጄ ሰዓቱ ደረሰ፣ ልቀስቅሳት ሲለኝ፣ ትንሽ ትተኛ አልኩት። ደግሞ መጣ፤ ትንሽ ትተኛ አልኩት። አርባ ደቂቃ ያቆየሁት እኔ ነኝ። ለሚስቴም አልነገርኳት።"

ሽማግሌው ዐሥር ወር ሙሉ ንቀት ነው ሲል የኖረው ነገር የሕፃን እንቅልፍ ነበር። ምላጩን አስቀምጦ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። ሹፌሩም ሳሙናው በእንባው እየራሰ አለቀሰ። ሕፃኗ ግራ ተጋብታ አንዴ ይኼን፣ አንዴ ያንን ታያለች።

ጢሙ ተላጭቶ ሲያልቅ ጠጋ ብላ ጉንጩን በጣቷ ነካችው። "አባባ ጲጲ፣ የት ሄደህ ነው?" ብላ ተቆጣችው። ቁጣዋ ደስ ይላል።

ፀጉር አስተካካዩ ተንበርክኮ ጫማዋን አደረገላት፤ ክሩን ሁለት ጊዜ አሰረው። ልጅቷ የሹፌሩን እጅ ይዛ ወጣች። በሩ ላይ ሲደርሱ ሹፌሩ ድንገት ቆመ። ሲዞር ፊቱ ላይ ፍርሃት ነበር።

"ስንት ሰዓት ላምጣት?"

ፀጉር አስተካካዩ ሰዓት አልጠራለትም።

"ምሳዋን አብላትና አስተኛት" አለ። "ስትነቃ ታመጣታለህ።"