ሰካራሟ ባጃጅ

ሦስት ጎማ ያለው ነገር ሁሉ ለመርሳ ከተማ ሰው ባጃጅ ነው። ሌላ ስም የለውም። ስለዚህ የአዲሱ ክሊኒክ ስኩተር የመጣች ዕለት ከፊት ሁለት፣ ከኋላ አንድ ጎማ ይዛ፣ ጣራ የሚባል ሳይኖራት፣ መታጠፊያው ላይ እንደ ሰው ወገቧን ሰብራ ጋደም ብላ ስታልፍ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ጨው የሚሸጠው አብዱልጀሊል ሚዛኑን አስቀመጠና፣ «ወላሂ ይቺ ባጃጅ ጠጥታለች!» አለ። የቀትሩ ዙሁር ሳይሰገድ ስሟ ወጣ፤ ሰካራሟ ተባለች።

የቀድሞው ባጃጅ ነጂ ኡበይደላ ይህን ሲሰማ አልሳቀም። አልተቆጣምም። እንዲህ ከሆነ ዓመት ከአራት ወሩ ነው። ይበላል፣ ይሰግዳል፣ ሰላምታ ይመልሳል፤ ሁሉንም የሚያደርገው ግን እጁ ደንዝዞበት ዕቃ እንደሚያነሳ ሰው ነው። ዕቃው መነሳቱን በዓይኑ ካላየ አያውቅም።

የሆነውን መርሳ ውስጥ የማያውቅ የለም። ከሲሪንቃ ወዲህ ባለው ኩርባ ላይ ባጃጁ ተገለበጠች። ሽንኩርት ነጋዴዋ አሰፋሽ ሞተች፤ ሌሎቹ ተረፉ። ባጃጅ ከኋላዋ ሦስት ሰው ትይዛለች። ያን ቀን ገበያ ነበርና ኡበይደላ ሰባት ጭኖ ነበር፤ አምስቱን ከኋላ፣ ሁለቱን ከራሱ ግራና ቀኝ። አሰፋሽ የተቀመጠችው ጠርዙ ላይ፣ በአንድ ጎኗ ነበር። «ጠጋ በሉ» ያላቸው እሱ ራሱ ነው። «ጠጋ በሉ» በዚህ አገር ስንት ሰው እንደፈጀ የሚቆጥር የለም። ወባ ይቆጠራል፣ ኮሌራ ይቆጠራል፤ «ጠጋ በሉ» ግን ጨዋነት ተብሎ ይታለፋል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ደግነት ነው፤ ከጥፋቱ የማይተናነስ ደግነት። የተረፉት ሰዎች ለመርማሪው «አራት ነበርን» ብለው ቃል ሰጡ። አስታራቂዎቹ አበጋሮች መጡ። የአሰፋሽ ባል አቶ አማረ ቆሞ፣ «ኩርባው ነው እንጂ የልጁ ጥፋት አይደለም» አለ። ዱዓ ተደረገ፣ ተመረቀ፣ ደሙ ደረቀ። ኩርባው! አያቶቻችን በበቅሎ ሲያልፉት የኖሩት ኩርባ አንድ ቀን ተነስቶ ሰው ላይ ተኝቶ አያውቅም። ሆኖም አገር በሙሉ ኩርባው አለ፤ ኡበይደላም ኩርባው አለ። ካለ በኋላ ነው የደነዘዘው።

አሁን ሥራ ተገኝቷል። ወልድያ ያለው የግል ክሊኒክ መርሳ ላይ ቅርንጫፍ ከፍቶ፣ በየቀኑ የሕሙማንን ደም በቀዝቃዛ ሳጥን አድርጎ ወልድያ ላብራቶሪ የሚያደርስ ሰው ፈለገ። ባለቤቱ ዶክተር ብሩክ ማመልከቻውን እያየ፣ «አደጋ ደርሶብህ ያውቃል?» ሲለው ኡበይደላ፣ «አዎ፤ በኩርባው ምክንያት» አለ። ዶክተሩም እንዳለው ጻፈና ለሐሙስ ቀጠረው። ከመርሳ ወልድያ ደርሶ ይመለሳል። የላብራቶሪ ባለሙያዋ መቅደላ አብራው ሆና ታየዋለች። ስትጨርስ ከፈረመች ይቀጠራል፤ ካልፈረመች ተራ የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ። ለኡበይደላ ግን ሌላ የሚጠብቀው ነገር የለም፤ ጓደኞቹ በጅቡቲ አቋርጠው ወደ ዓረብ አገር የሄዱበት የበረሃ መንገድ ነው የቀረው። እናቱ ነሲባ ይህን ታውቃለች። ከሰኞ ጀምሮ በዱዓዋ ውስጥ «ስኩተር» የሚል ቃል ገብቷል።

ሐሙስ ጠዋት መቅደላ ሄልሜቷን አጥልቃ ጠበቀችው። የወልድያ ልጅ ናት፤ ምላሷ ስለታም ነው።

«ሲስተር፣ ምኗን ነው መጀመሪያ የምይዘው?» አላት።

«ሲስተር አይደለሁም። የላብራቶሪ ሰው ነኝ። መሪውን ያዝ፤ ሌላ ምን ልትይዝ ነው?» ከመሪው ሥር ያለች ቁልፍ አሳየችው። «ይቺን ስትጫን ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ እግርህን መሬት አታወርድም። ስትለቃት ትለሰልሳለች።»

ለቀቃት። ስኩተሯ ከሥሩ ለሰለሰች። ኡበይደላ ዘጠኝ ዓመት በባጃጅ ላይ ሲኖር መንገዱን የሚያውቀው በመቀመጫው ነበር፤ ጉድጓዱ ሁሉ አከርካሪው ድረስ ይመጣል። ይቺ ግን ድንጋይ ስታገኝ አንደኛው የፊት ጎማ ይወጣል፣ ሌላው ታች ይቀራል፤ እንደ ፍየል እግሯን እየመረጠች ትረግጣለች። ደስ ይላል የሚባል ነገር ነው። ደስ እንደሚል ገባው። ደስ ግን አላለውም።

ችግሩ መታጠፊያው ላይ መጣ። ስኩተሯ ወደ ግራ ጋደም ስትል የኡበይደላ ሰውነት ሳያዙት ወደ ቀኝ ተወረወረ። ባጃጅ ከተጋደመ አለቀ ማለት ነው። ጎማ ሲነሳ ባጃጅ ነጂ አያስብም፤ ክብደቱን ወደ ተነሳው ወገን ጥሎ ያቃናዋል። ይቺ ደግሞ የምትታጠፈው በመጋደም ነው። ስታቃናት መታጠፏን ትታ ቀጥ ብላ ወደ መንገዱ ማዶ ትሄዳለች።

«ወዴት ነው? ወዴት ነው የምትወስደኝ?» መቅደላ ጀርባውን በቡጢ መታችው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስትጋደም እጄ ራሱ ያቃናታል።»

«አታቃናት! ማን አቃና አለህ?»

ሁለተኛውም መታጠፊያ ላይ አቃናት። ሦስተኛው ላይም። ከዚያ የታወቀው ኩርባ መጣ። ከፊት አይሱዙ እየወረደ ነበር። ኡበይደላ ማዘንበል እንዳለበት ያውቃል፤ ጭንቅላቱ ያውቃል። ሰውነቱ ግን ወደ ውጭ ሄደ፣ ስኩተሯም ተከተለችው፣ መሃል መስመሩን አለፉ። ፍሬን ያዘ። አይሱዙው ጥሩምባውን እየነፋ ከክንድ በማይበልጥ ርቀት አለፈ፤ አቧራው ፊታቸው ላይ ቀረ።

ኡበይደላ ልቡን አዳመጠ። ዝም ያለ ነው። «አለፈ» አለ።

መቅደላ ወርዳ ሄልሜቷን ከራሷ ላይ ነጠቀች። «አለፈ? አለፈ ነው የምትለው? ሰው ነህ ወይስ የስልክ እንጨት? ልትገለኝ ነበር እኮ!»

«አዎ» አለ።

ከላይ እስከ ታች አየችው። የምትፈርምበት ማመልከቻ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ አውጥታ «ብቁ አይደለም» ብትል ማንም አይፈርድባትም። «ና ውረድ» አለችው በመጨረሻ። «እኔ እነዳለሁ፣ አንተ ከኋላ ትቀመጣለህ። ሰውነትህ እስኪማር እዚሁ እንመላለሳለን። በሳምንት የተማርኩት እኔ እንኳ ችዬዋለሁ።»

ኡበይደላ ከኋላ ተቀምጦ አያውቅም። ባጃጅ ነጂ የሰው ባጃጅ ላይ እንኳ ሲሳፈር ከነጂው ጎን ነው። ተቀመጠና የሚይዘው ፈለገ። ትከሻዋን መያዝ ነውር መሰለው። የመቀመጫውን ጫፍ ጨበጠ።

መጀመሪያ ሲያልፉ ደረቀባት። «ግንድ ነው የጫንኩት?» ጮኸች። «በትከሻዬ በኩል ተመልከት! በምታጠፍበት በኩል!» ዞረው ሁለተኛ አለፉ። ሦስተኛው ላይ ስኩተሯ ከበፊቱ ይልቅ ዝቅ አለች፤ አስፋልቱ ወደ ጉልበቱ መጣ። መሪ የለውም። ፍሬን የለውም። ቀስ በል ቢል እንኳ ነፋሱ ይወስደዋል። የሰው እጅ ላይ ነው ያለው፤ የዚያች ሰው እጅ ጥሩ ከሆነ ይኖራል፣ መጥፎ ከሆነ ይሞታል።

ያኔ ፈራ።

አሰፋሽ ጠርዙ ላይ ተቀምጣ ምን ይዛ ነበር? ዓመት ከአራት ወር ሙሉ ይህን ጠይቆ አያውቅም። የሽንኩርት ጆንያዋን ነበር የያዘችው። ከእሷ ቀድሞ የሚወድቀውን።

«አሁን ለሰለስክ» አለች መቅደላ ስትቆም። «ምን አደረግህ?»

«ምንም» አለ። «ልሞክር።»

ከዚያ ወዲያ እስከ ወልድያ እሱ ነዳ። አላማረም፤ ግን አላቃናም። ስትጋደም ተጋደመ። ሳጥኑን በሰዓቱ አስረከቡ። መቅደላ የላብራቶሪውን በር ዘግታ እንደወጣች፣ «ስትመለስ ብቻህን ትመጣለህ» አለችው። «ሥራው ሳጥን መጫን ነው እንጂ ሰው መጫን አይደለም። እኔም አንድ ነፍስ ነው ያለኝ። በሚኒባስ እመጣለሁ፤ መርሳ መናኸሪያ ጠብቀኝ፤ በሰላም ከደረስክ እዚያው እፈርማለሁ።»

አልተቀየማትም። ቀስ ብሎ ወጣ። ሲሪንቃን አልፎ ኩርባው ላይ ሲደርስ ጋዙን ቀነሰ፣ በሚታጠፍበት በኩል ተመለከተ፣ ተጋደመ። መንገዱ ከሥሩ እንደ ገመድ ተጠመዘዘለት። በዚያው ቅጽበት ከኋላው ጥሩምባ ተነፋ፤ አንድ ሚኒባስ እዚያው ኩርባው ላይ ቀደመው። ረዳቱ ግማሽ አካሉ በመስኮት ውጭ ነው። በሩ ላይ የአንድ ሰው ጀርባ ተለጥፏል። መኪናው በአንድ ጎኑ ወደ ውጭ ያዘነብላል። በኋለኛው መስታወት ላይ ጉንጯ የተጣበቀ ሴት አለች፤ መቅደላ ናት።

ሳይፈልግ ራስ መቁጠር ጀመረ። አሥራ ዘጠኝ ላይ ሲደርስ ሚኒባሱ ተሰወረ። መጀመሪያ ጆሮው ጋለ፣ ቀጥሎ አንገቱ። የሆነበትን ነገር ለማወቅ ጊዜ ወሰደበት። ተናዷል።

መርሳ ሲደርስ ሚኒባሱ መናኸሪያው በር ላይ ቆሟል፤ መቅደላ ሻርፗን ከሰው መሃል እየጎተተች ትወርዳለች። ሌሎቹ ወደ ውርጌሳ ቀጣዮች ናቸው። ኡበይደላ ሄልሜቱን ሳያወልቅ ሄደ።

«ለምን ገባሽ?»

«ምን?»

«ሞልቶ እያየሽ ለምን ገባሽ?»

እስከዚያ ሰዓት አንቱ ነበር የሚላት። «ሌላ መኪና አልነበረማ!» አለች ደንግጣ። «ጠጋ በሉ አሉን፣ ጠጋ አልን። ሹፌሩ እኔ ነኝ እንዴ? እሱን ጠይቀው!»

ጠየቀው። ሹፌሩ ሲራክ ይባላል፤ ክርኑን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ጫት ያላምጣል። «ትርፎቹን አውርድ» አለው ኡበይደላ።

«ማነህ አንተ? ትራፊክ ነህ?» ሲራክ አጎንብሶ በሄልሜቱ ውስጥ ፊቱን ፈለገ። ሲያገኘው ሳቀ። «ኡበይደላ! አንተ? አንተ ነህ ትርፍ የምትቆጥርብኝ?»

አብዱልጀሊል ከጨዉ አጠገብ ተነሳ። «ሲራክ፣ ተው እንጂ፤ የተዘጋ ነገር አትክፈት። እሱ ኩርባው ነው።»

«ኩርባው አይደለም» አለ ኡበይደላ። ድምፁ ከፍ ያለ አልነበረም። «ሰባት ጭኜ ነው። ጠጋ በሉ ያልኳቸው እኔ ነኝ። እሷን ጠርዝ ላይ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ።»

አንድ ሰው «ላ ኢላሀ ኢለላህ» አለ። የተናደዱበትም ነበሩ፤ ስለ አሰፋሽ ብለው አይደለም፤ አገር በአንድ አፍ እሱን ያዳነበትን ውሸት እንዲህ መናኸሪያ ላይ ስለጣለባቸው ነው።

«እንግዲያማ ሥራውን ታውቀዋለህ» አለ ሲራክ። «መንገድ ልቀቅ።»

አልለቀቀም። ከፊት ቆመ። ረዳቱ ገፋው፣ ተመልሶ ቆመ። በመጨረሻ ሁለት ሰዎች ወረዱ፤ አንድ ሽማግሌና አንዲት ዕድሜ የገፉ እናት። እናቲቱ ወደ ሹፌሩ ዞረው እንኳ አላዩም። «አንተ ልጅ፣ ከመኪና ያስወረድከኝ፣ ውርጌሳ ታደርሰኛለህ?»

«አላደርስዎትም፣ እማማ። እኔ ሰው አልጭንም።»

«ታዲያ ምን አገባህ!» ዘንቢላቸውን አንስተው ሄዱ።

ሚኒባሱ ተነቃነቀ። መቅደላ ወረቀቱን አውጥታ የስኩተሯ መቀመጫ ላይ ዘረጋች። «ለዶክተሩ ኩርባው ነው ብለኸው ነበር» አለች። «እዚህ ተጽፏል።»

«ሰርዢው።»

«ምን ልጻፍ?»

«የሰማሽውን።»

ሰረዘች፣ ጻፈች። ከሥሩ ደግሞ «መንዳት ይችላል» ብላ ፈረመች። «ዶክተሩ ይህን አይቶ ይቅጠርህ አይቅጠርህ አላውቅም። እኔ የማውቀውን ፈርሜያለሁ።»

«እሺ» አለ። ሄልሜቱ ውስጥ ላብ ወደ ዓይኑ ወረደ፤ አቃጠለው። ማቃጠሉ ታወቀው።

ሚኒባሱ መቶ ሜትር ያህል ሄዶ ከነዳጅ ማደያው አጠገብ ቆመ። ሽማግሌውና እናቲቱ እዚያ ደርሰው ነበር። ረዳቱ ወርዶ በሩን ከፈተላቸው፤ ሌሎች ሦስትም ጨመረ። «ጠጋ በሉ! ጠጋ በሉ!» ሲል እስከ መናኸሪያው ይሰማል።

ኡበይደላ የስኩተሯን ቁልፍ ከኪሱ አወጣና ለመቅደላ ሰጣት።

«ምንድን ነው? ወዴት ነው?» አለች። «አልቋል እኮ! ፈርሜያለሁ!»

ቁልፉን እጇ ላይ ትቶ፣ ዳግም ከፊቱ ሊቆም በእግሩ ወደ ሚኒባሱ ሄደ። መቶ ሜትር ሩቅ አይደለም።